በቀይ ክር የተሰፋው ቁልፍ

ጀንነት የባሏን የማሂርን ሸሚዝ የላይኛውን ቁልፍ ሆን ብላ በቀይ ክር ሰፋችው። አዲስ አበባ ያለችው ጣውንቷ ዙልፋ አይታ እንድትቃጠል ነው። ማሂር ሸሚዙን ለብሶ በማለዳ ወደ ኤርፖርት ሄደ።

ቀትር ላይ በቦዳቦዳ ሞተር ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ተመለሰ።

«ልንሳፈር ስንል የሻንጣ መኪና የአውሮፕላኑን ክንፍ ገጨው። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ነገ እሄዳለሁ» አላት።

ጀንነት ደስታዋን ደብቃ ምሳ አቀረበችለት። ቀዩ ክር አንገቱ ሥር እንዳለ ነው። እየበላ ሳለ ዙልፋ ደወለች።

«ዛሬ አይመጣልሽም እቴ» አለቻት ጀንነት ፈጥና። «አጠገቤ ሆኖ ምሳውን እየበላ ነው።»

ዙልፋ ሳቀች። «ምን ትቀባጥሪያለሽ? ከመጣ ቆየ እኮ። እኔ ጋ በልቶ ተኝቷል።»

«አውሮፕላኑ ተገጭቶ በምን መጣ?»

«እሱንም ነግሮኛል፤ ቶሎ ጠገኑት አለኝ። ይልቅ ያ ቀይ ክር ምንድን ነው? ጁባ ሌላ ክር ጠፋ? አሁን እንደተኛ ፈትቼ በነጭ ሰፋሁና ጫፉን በጥርሴ በጠስኩት።»

ጀንነት ልትስቅባት እያለች ወደ ማሂር ዞረች። እሱም ጎርሶ ቀና አለ። ቁልፉ በነጭ ክር ተሰፍቷል። ቀረብ ብላ በጣቷ ነካችው። የክሩ ጫፍ ገና በምራቅ እርጥብ ነበር።