ጋሽ ገብረጻድቃን የቀየሩት መጨረሻ

«ቆይ... ይሄን መጽሐፍ ግን የምርሽን አንብበሽዋል?»

ያደታ ነው የጠየቃት... ኦሎምፒያ አካባቢ ካለች አንዲት ካፌ ውስጥ፣ የንባብ ክበቡ ሰው ሁሉ ፊት።

ዙለይካ ክው አለች።

ዓመቱ 2006 ነው። የወሩን መጽሐፍ የመጠቆም ተራ ደርሷት፣ በልጅነቷ ያነበበችውን አንድ የሳይንስ ፊክሽን ልቦለድ መርጣ ነበር። ወደ ሩቅ ኮከብ የተላከ ወጣትና ምድር ላይ ሬዲዮ ከፍታ የምትጠብቀው እህቱ ታሪክ ነው።

«መጨረሻ ላይ ተመልሶ በሯን ሲያንኳኳ... በቃ ታለቅሳላችሁ» ብላቸው ነበር።

እነሱም ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ፈልገው አነበቡት።

ልጁ ግን አይመለስም... መንኮራኩሩ እንደጠፋ ይቀራል... አለቀ።

«ማለቴ... ካላነበብሽው አላነበብኩትም ማለት ነውር የለውም እኮ» አለ ያደታ። ሌሎቹ ሳቁ።

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ላገኘችው ሰው ሁሉ «አንብቡት» ያለችው መጽሐፍ ነው። ውሸታም መባሉ አንገበገባት... ይባስ ብሎ ራሷን መጠራጠር ጀመረች።

በማግስቱ ካዛንቺስ ሄደች... ጋሽ ገብረጻድቃን ቤት።

ጋሽ ገብረጻድቃን ድሮ መጽሐፍ ያከራዩ ነበር፤ ጎን ለጎን ደግሞ ማመልከቻ በታይፕ ይጽፋሉ። የኪራይ መጽሐፍ መቼም ታውቁታላችሁ... መጨረሻውን ገንጥሎ የሚሄድ አይጠፋም። እሳቸው የጎደለውን ከሌላ ኮፒ ገልብጠው፣ በታይፕ ጽፈው ይተኩታል። ዙለይካ በልጅነቷ ከእሳቸው ዘንድ ያነበበችው መጽሐፍም የመጨረሻ አራት ገጾቹ በታይፕ የተጻፉ ነበሩ።

«ጋሼ... ያን መጽሐፍ ከየትኛው ኮፒ ነበር የገለበጡት?»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከየትም አልገለበጥኩም ልጄ።»

«እንዴት?»

«ወንድምሽ ኢብሮ ግንባር የሄደ ጊዜ ነው። ወሬው ከጠፋ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። አንቺ ከትምህርት ቤት ስትለቀቂ እኔ ጋ እየመጣሽ ታነቢያለሽ። ያን መጽሐፍ ስትጀምሪው አየሁሽ... መጨረሻውን አውቀዋለሁ። ሌላ ልስጥሽ ብል እምቢ አልሽ።»

መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ሳትጨርሺው ገጾቹን ገነጠልኩና... ልጁን መለስኩት።»

ኢብሮ ግን አልተመለሰም። መርዶው የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

«ያን ቀን አንቺን ነው የፈራሁት» አሉ ጋሽ ገብረጻድቃን። «በባዶ ተስፋ የባሰ ጎዳኋት እያልኩ... ስታልፊ እንኳ ቀና ብዬ አላይሽም ነበር።»

ዙለይካ እንባዋ መጣ። እጃቸውን ያዘች።

«ጋሼ... እነዚያን ሁለት ዓመታት ያቆሙኝ አራቱ ገጾች ናቸው።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ሁሉንም ነገረቻቸው። ያደታ አቀርቅሮ «ይቅርታ አድርጊልኝ... ጋሼን ይዘሻቸው መምጣት ትችያለሽ?» አለ።

ወዳጆቼ... መጽሐፍ መጠቆም ለማንም ቀላል ነው። የሚያነበውን ሰው ልብ አይቶ መጠቆም ግን ፍቅር ይጠይቃል። አንዱ ያነበበው እኛ ካነበብነው ሲለይብንም፣ «ዋሸ» ከማለታችን በፊት እንጠይቀው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... በጋሽ ገብረጻድቃን ቦታ ብትሆኑ ገጾቹን ትቀይሩላት ነበር? ወይስ እውነተኛውን መጨረሻ እንድታነብ ትተዋት ነበር? 👇