«ስሞት» ብሎ የጀመረው

«ይኼ ደግሞ ቀላል ነው፣ አዴ። ይዩት፣ በአንድ እጅ ይነሳል» ይለኛል ሞሲሳ፣ ኮምፒውተር ሻጩ፣ ላፕቶፑን እንደ ትሪ በመዳፉ ይዞ። «አዴ» በኦሮምኛ «እናቴ» ማለቱ ነው።

«ልሸከመው ነው እንዴ ያልኩህ? የፊደል ቁልፉን አሳየኝ።»

ቁልፉ ዝርግ ነው። ብዳብሰው ጠረጴዛ የመዳበስ ያህል ነው። «አይሆንም፤ ሌላ።» አራተኛው ነው።

«ማሎ አዴ! ሰው ፍጥነቱን ይጠይቀኛል፣ ካሜራውን ይጠይቀኛል። ቁልፍ ዳብሰው የሚገዙ እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት። አባት ምን ሊሠሩበት ነው?»

«ሊናገርበት።»

«እ፣ ለቪዲዮ?»

አባዬ በሩ አጠገብ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል፤ ከባጃጁ ያወረድነው ከሹፌሩ ጋር ለሁለት ነው። ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከወሰደው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንደበቱንም አብሮ ወሰደው። ዓይኑማ ከዚያም በፊት ደክሟል። የቀረችው ግራ እጁ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚሁ ነቀምቴ የመንግሥት ታይፒስት ነበርና ያቺ እጅ ማየት አያስፈልጋትም። አውራ ጣቱን ከታች ረጅሙ ቁልፍ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ ሌባ ጣቱ መንገዷን ታውቀዋለች።

እሱ ይጽፋል፣ እኔ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ሦስተኛ ክፍል ላይ አልማርም ብዬ በእልኬ የቀረሁ ነኝ፤ ፊደል በፊደል ነው የማነበው። ስሳሳት በመዳፉ መታ ያደርገኛል። ስንጫወት የኖርነው እንዲህ ነው። «ጨው በዝቷል።» «ያቺ ሴትዮ ሁለተኛ እንዳትመጣ።»

የዛሬ አሥራ አንድ ቀን «ስሞት» ብሎ ጻፈ። አነበብኩለት። ቀጥሎ ሊጽፍ ሲል መብራት ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ ከኮምፒውተሩ ሆድ ጭስ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ መገመት ሆኗል። «የምትቀበርበትን ነው? ጎጃም አገርህ እንውሰድህ?» ራሱን ይነቀንቃል፤ አይደለም። «ቤቱን ነው?» አይደለም። «እህቴን እምነትን ልጥራልህ?» አይደለም። ትናንት መጠየቄን አላቆም ስል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረብኝ።

አምስተኛው ያገለገለ ነው፤ ቁልፉ እንደ ድሮው ወጣ ወጣ ያለ።

«ይኼን» እላለሁ።

«ይኼማ አሮጌ ነው።»

«እኔም አሮጌ ነኝ። አማርኛ ጫንበትና ስጠው።»

ሞሲሳ እየሳቀ ነካ ነካ ያደርግና አባዬ ፊት ያስቀምጥለታል። «በሉ አባኮ፣ ይሞክሩት።»

አውራ ጣቱ ታርፋለች። ፊቱ ሲፈታ አየዋለሁ። ሌባ ጣቱ ትሄዳለች፤ አንዴም አታመነታም። ብዙ ይጽፋል፤ የአሥራ አንድ ቀኑን። ሲጨርስ አንገቱን ቀና አድርጎ እንዳነብለት ይጠብቃል።

አጎነብሳለሁ። የመጀመሪያውን ፊደል አውቀዋለሁ፤ ሁለተኛውንም። አንድ ላይ ግን ምንም አይሉኝም። እንደገና ከላይ እጀምራለሁ። ችግሩ እኔ ነኝ፣ ከሦስተኛ ክፍል የቀረሁት።

«ወንድሜ፣ እስቲ አንብብልኝ። መነጽሬን ረስቼ ነው» እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

ሞሲሳ ያያል። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «አዴ... ይኼ ቃል አይደለም። ዝም ብሎ ፊደል ነው። አባት ምናልባት አእምሯቸው...»

«አእምሮው ካንተ ይሻላል! አንብብ አልኩህ!»

«ምኑን ላንብብ?» ብሎ የተጻፈውን ሁሉ ያጠፋዋል። «እንደገና ይሞክሩ፣ አባኮ።»

አባዬ ጠረጴዛውን በመዳፉ ይመታል። አንዴ። ሁለቴ። ሰምቷላ።

ይዤው ከመጣሁት ማዳበሪያ ውስጥ የተቃጠለውን ኮምፒውተር አውጥቼ ሞሲሳ ፊት አስቀምጠዋለሁ። «በዚህ ነበር የሚጽፈው። በዚህ አንዲት ፊደል አይስትም!» ሞሲሳ ይገለብጠዋል፣ አቧራውን እፍ ብሎ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዓመተ ምሕረት ያነባል።

«ይቅርታ፣ አዴ። እሳቸው ልክ ናቸው። በድሮው የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሎቹ የተደረደሩት እንደ ጽሕፈት መኪናው ነበር። በአሁኖቹ ሁሉም ቦታ ቀይረዋል።»

«ታዲያ የድሮውን አስገባልኛ!»

«አዲሶቹ አይቀበሉትም። የነበረውም እዚህ ውስጥ ተቃጥሏል። የፊደሎቹን አደራደር የሚያውቅ ሰው የለም?»

የሚያውቁት አብረውት ይተይቡ የነበሩት እትዬ በቀለች ነበሩ። ባለፈው ጾም ቀበርናቸው።

ሞሲሳ አባዬ አጠገብ ቁጢጥ ይላል። «አባኮ፣ ‹ሰ› የቷ ላይ ነበረች? እሷን ብቻ ያሳዩኝ።»

ሌባ ጣቱ ትነሳለች። ወደ ግራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ አየር ላይ ትቀራለች። ያቺ ጣት አንዲት ፊደል ለብቻዋ ተጠይቃ አታውቅም፤ የምታውቀው ቃሉን ሙሉውን ነው። እጁ ተመልሶ ጋቢው ውስጥ ይገባል።

«ሌላ አሳየኝ» እላለሁ።

«አዴ፣ ሁሉም ያው ናቸው።»

«ሌላ አሳየኝ አልኩህ!»

አያሳየኝም። እኔም አባዬ አጠገብ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። እንዲያ እንዳለን እጁ ከጋቢው ይወጣና ጉልበቴን ይፈልጋል። አውራ ጣቱ ቀሚሴ ላይ ታርፋለች። ከዚያ ሌባ ጣቱ ትጀምራለች፤ ላይ፣ ታች፣ ወደ ዳር፣ ደግሞ ላይ። አትቸኩልም። እየተከተልኳት አያለሁ።

ያቆማል። አንገቱን ቀና ያደርጋል።

«ስሞት» እላለሁ ጮክ ብዬ።

መዳፉ አይመታኝም። ልክ ነኝ ማለት ነው። ቀሪውን ይጠብቃል።