አጃኢብ! የቧንቧ ክዳን ተቀየረ

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሳምንታዊ ጋዜጣ አራት ገጽ ነበረው። አዘጋጁ ዜናውን ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። የእጅ ጽሑፉ ስለማይነበብ አስተማሪ ሚስቱ በንጹሕ ወረቀት ትገለብጥለታለች። እሱ የተገለበጠውን መልሶ አያየውም፤ የራሱ ጽሑፍ እንቅልፍ ያመጣበታል። አታሚው ደግሞ ፊደሉን ለቅሞ ሲጨርስ ቀለም የነካውን እጁን በወረቀቱ ይጠርጋል። ጋዜጣውን የሚያነብ ሰው ግን አልነበረም።

አታሚው ተጫዋች ሰው ነው። ለእሱ ዳቦው አጃኢብ፣ አዲሱ ጫማው አጃኢብ፣ የአማቱ ሳል ሳይቀር አጃኢብ ነው። አዘጋጁ ምሳ ላይ አነጋገሩን እያስመሰለ ሚስቱን ያስቃታል።

አንድ ሰኞ ጋዜጣው እንዲህ የሚል ርዕስ ይዞ ወጣ፦ «አጃኢብ! የሦስት ቧንቧዎች ክዳን ተቀየረ!»

ሰዉ ኮሪደር ላይ እየተቀባበለ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ረፋዱ ላይ አንድም ቅጂ አልቀረም። አዘጋጁ ደሙ ፈልቶ ወደ ማተሚያ ክፍል ወረደ።

«አንተ ነህ!»

«ምን አደረግሁ፣ አለቃ?»

«እዚህ ቤት አጃኢብ የሚል ሌላ ማን አለ?»

«በልጆቼ እምላለሁ፣ የለቀምኩት ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው።»

«እስቲ ወረቀቱን አምጣው!»

አታሚው ጥቁር መዳፉን ተመለከተ። «እጄን ጠረግሁበት።»

«አጃኢብ ነው!» አለ አዘጋጁ።

አታሚው በዚያው ዕለት ታገደ። የስንብት ደብዳቤው በሳምንቱ እንዲፈረም ተወሰነ።

«ልጆች አሉት አይደል?» አለች ሚስትየው ምሳ ላይ።

«አራት። ደግሞ ለእሱ ሆድሽ ይባባ! ይልቅ ይችን ገልብጪልኝ።»

በሳምንቱ አታሚው ቤቱ ተቀምጦ ሳለ፣ ተተኪው ያተመው ጋዜጣ ወጣ፦ «አጃኢብ በአጃኢብ! የቆጣሪ ንባብ እንደወትሮው ቀጥሏል!»

አዘጋጁ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። ተተኪው እጁን በወረቀቱ እየጠረገ ነበር።

ወዲያው ሥራ አስኪያጁ ደወለ። «ሃያ ዓመት እዚህ ስሠራ ይህን ጋዜጣ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት ዛሬ ነው። የማን ሐሳብ ነው?»

አዘጋጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «የእኔ ነው፣ ጌታዬ።»

አታሚው በማግስቱ ይቅርታ ተጠይቆ ወደ ሥራው ተመለሰ። አዘጋጁ ግን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ «አጃኢብ»ን ያስገባውን ሰው ሲፈልግ ኖረ። ተተኪውን ጠረጠረ፣ ተላላኪውን ጠረጠረ፣ ዘበኛውን ሳይቀር ጠረጠረ።

የመጀመሪያውን የጨመርኩት ስገለብጥ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ብዬ ነው፤ ሁለተኛውን ግን ለአራቱ ልጆች።