የጥቅሉ ተርብ

ጥቅል ማለት ተበታትኖ የነበረ ነገር ሳይጎድልና ሳይፈስ ካሰቡት ቦታ እንዲደርስ አንድ ላይ የታሰረ ማለት ነው። የታሰረው ድንች ሊሆን ይችላል፤ ቃላትም ሊሆን ይችላል።

አስተባባሪዋ የምታስረው ቃላት ነው። በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት፣ በነፃ የሚታደል የኮምፒውተር የጽሕፈት ፕሮግራም አለ። ተርጓሚዎች «አስቀምጥ»፣ «ሰርዝ»፣ «አትም» የሚሉትን የፕሮግራሙን ትእዛዞች በአማርኛ ይልኩላታል፤ እሷ አርማና ጠቅልላ በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ ታወጣለች። የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች አንድ የማይላላ ደንብ አላቸው። ከአስተባባሪዋ ሌላ አንድ ሰው ጥቅሉን በራሱ ኮምፒውተር ሞክሮ እስከ ቀነ ገደቡ ገጹ ላይ «ይሠራል» ብሎ ካልጻፈ፣ ቋንቋው ከፕሮግራሙ ይወጣል። እስካሁን ወጥቶ አያውቅም። ማን እንደመሰከረላት ጠይቃ አታውቅም፤ ዓመታት የለፋችበት ነገር ማለፉ ይበቃት ነበር።

ጥቅል ባወጣች ቁጥር ግን ስሙን የደበቀ አንድ ሰው ይነድፋታል። «ተርቡ» ትለዋለች።

«ንገሯት፣ ‹አስቀምጥ› የሚለው ግማሹ ተቆርጧል። ዓይን የላትም እንዴ? ንገሯት...»

እስከ መጨረሻው አንብባለት አታውቅም። ደሟ ይፈላል።

«የቀድሞው አስተባባሪ ነው» አለችው ባሏን። «ቦታውን ስረከበው ‹እንተያያለን› ብሎኝ ነበር።»

«ተዪው፣ ሥራ የፈታ ሰው ነው።»

«ሥራውማ እኔ ነኝ።»

ከውስጠኛው ክፍል የአማቷ ድምፅ መጣ። «ሚስትህን ንገራት፣ ቀስ ብላ ታውራ።»

«ንገራቸው፣ ሰምታለች በላቸው» አለች።

አዛውንቱ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ በቀጥታ አናግረዋት አያውቁም። ከእግሯ ሥር ዘወር እንዲሉላት አሮጌ ኮምፒውተሯን ሰጥታቸዋለች። ባሏ እንደሚለው በራቸውን ዘግተው ካርታ ሲጫወቱበት ይውላሉ።

አዲሱን ጥቅል ባወጣች ማግስት ተርቡ መጣ።

«ንገሯት፣ ይሄን የጠቀለለችው በእግሯ ነው...»

አስተባባሪ የማገድ ሥልጣን አላት። ከገጹ አገደችው፤ የጻፈውም አብሮ ተሰረዘ።

«አሁን ግድግዳ ይንደፍ።»

«‹ይሠራል› የሚልልሽስ?» አለ ባሏ።

«አንድ ደግ ሰው አይጠፋም። ጠፍቶም አያውቅ።»

ደጉ ሰው ጠፋ። እስከ ቀነ ገደቡ ድረስ ገጹ ላይ አንድ ቃል አልተጻፈም። ኃላፊዎቹ ቋንቋውን ከፕሮግራሙ አወጡት፤ ስለ ልፋቷም አመሰገኗት።

ለቀድሞው አስተባባሪ አፏ ያመጣላትን ሁሉ ጻፈችለት። ከለቀቀ ወዲህ ያንን ገጽ ከፍቶ እንደማያውቅ መለሰላት።

«ውሸታም» አለች ጮክ ብላ።

የውስጠኛው ክፍል በር ተከፈተ፤ አዛውንቱም ከሠርጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አናገሯት፦ «የዘጋሽብኝን ገጽ ክፈቺልኝ፣ እንደ ወትሮው ‹ለማንኛውም ይሠራል› ብዬ ልጨርስ።»