የሁለት ዓመት ውል

ወይዘሮ በየነች ተከራይዋን ምንውየለትን ከግቢዋ ልታስወጣ ወረዳ ቢሮ ይዛው ስትሄድ፣ መንገዱን ሙሉ ምላሷ አላረፈም። ምንውየለት ሳይጠይቃት ጌሾዋን ቆርጧል፤ በጓን አባርሯል፤ የአጥሩ በር ላይም የገዛ ቁልፉን አንጠልጥሏል። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ከኋላዋ ተከተለ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ውሉን የጻፈው እሱ ነው፤ ምስክር ያመጣውም እሱ። ጎረቤቷ "ቆይ ላንብብልሽ" ብትላት፣ "ፊደል ባልቆጥርም ሰው አነባለሁ!" ብላ አሳፍራት ነበር አውራ ጣቷን ያሳረፈችው።

"ውሉ ዛሬ ያልቃል" አለችው ኃላፊውን። "አከራይ አላድስም ካለ፣ ተከራይ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል። ነው ወይስ አይደለም?"

"ነው እማማ። አከራይ የማደስ ግዴታ የለበትም።"

"ሰማህ፣ አንተ መዥገር?"

"ሰማሁ እትዬ።"

ኃላፊው ወረቀቱን እስከ ታች አነበበና መነጽሩን አወለቀ። ከአሻራዋ በላይ ያለውን መስመር በጣቱ እያሳያት፣ "እማማ፣ የቤቱ አከራይ ምንውየለት፣ ተከራይዋ እርስዎ ነዎት ይላል" አላት።

ምንውየለት ከወንበሩ ተነሣ።

"ጓዝዎን እኔ እሸከምልዎታለሁ፣ እትዬ።"