ከካቡ ማዶ የተተከለ ጦስኝ

ከሪማ ጦስኙን ከነሥሩ ፈልቅቃ አወጣችና ዞር ብላ መንገዱን አየች። ማንም የለም። ወንዱ ሁሉ ለጁምዓ መስጊድ ወርዷል፤ ጎረቤቷ ጋሼ ዘይኑልአቢዲንም ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ሲያልፉ በበሯ ሽንቁር አይታቸዋለች። ሰግደው እስኪመለሱ ድረስ ከሁለቱ ግቢ መሐል ካለው የድንጋይ ካብ ሥር፣ በእሳቸው በኩል የደረደሩትን አረም ነቅላ መጨረስ አለባት።

አረም ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ሰው ጎመን ይተክላል፣ ሰው ባህር ዛፍ ይተክላል። እሳቸው ግን ከኮምቦልቻ ፋብሪካ ጡረታ ወጥተው ካቻምና ወደ አባታቸው መሬት ተመልሰው፣ የዘንድሮውን ክረምት ሙሉ ከገደሉ ጦስኝና ዳማከሴ በማዳበሪያ ከረጢት እያመጡ ሲተክሉ ከረሙ። በአራቱም ዳር ቢሆን ባልከፋ ነበር። ከእሷ ጋር በሚዋሰኑበት በኩል ብቻ!

ለምን እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ባሏ ተውፊቅ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ባዶ ቀፎ በጦስኝ አሽቶ፣ በወይራ ጭስ አጥኖ ዛፍ ላይ ሲሰቅል እያየች ነው የኖረችው። ሽታው ደስ ያለው መንጋ የማን ነህ ሳይባል ዘው ይላል። ተውፊቅ በዚህ ዘዴ የስንቱን ጎረቤት ንብ እንዳስኮበለለ እሷና አላህ ያውቃሉ። አሁን ታዲያ ተራው የእሷ ሆነ ማለት ነው።

እሱ ከሞተ ወዲህ ከሦስቱ ቀፎዎቹ ሁለቱ ባዶ ቀርተዋል፤ ንቦቹን ያስኮበለለባትን ሌባ ስትረግም ኖራለች። የመጨረሻው ከመኝታዋ ጀርባ፣ ከግድግዳው ውጭ ተሰቅሏል። ማታ ጋደም ብላ ሲያጉረመርም ስትሰማው ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላታል። እሱም ዝም ያለ ቀን ምን እንደምትሆን አታውቅም።

ንቦቹ ደግሞ፣ ከሃዲዎች፣ ከጠዋት ጀምሮ ቀጥ ብለው ወደዚህ ነው የሚመጡት። አሁንም እጇ ላይ ካለው የዳማከሴ አበባ አንዷ አልወርድም አለች።

"ሂጂ ወደ ቤትሽ!" አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"እሷስ ትሂድ። ምን ይዛ ትሂድ?" አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

ጋሼ ዘይኑልአቢዲን መስገጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቆመዋል። ከሪማ ክው አለች። ድንጋጤዋን ወደ ቁጣ ለመለወጥ ግን ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም።

"ቀፎው የታለ?" አለቻቸው።

"የምን ቀፎ?"

"ጋሼ ዘይኑ፣ አላህን ይፍሩ እንጂ! ጦስኝ የሚተክል ሰው ቀፎ ሳይኖረው ነው? ባል የሞተባትን ሴት ንብ ሊያስኮበልሉ!"

"ወላሂ ቀፎ የለኝም። አብሽሪ፣ ግቢና ፈትሺ።"

ይሉኝታ ይዟት የምትቀር መስሏቸው ከሆነ ተሳስተዋል። ገባች። ጓሮውን ዞረች፤ የወይራውን ቅርንጫፍ አንጋጣ አየች፤ የተደፋ ቅርጫት ሳይቀር ገለበጠች። ከዱባ በቀር ምንም የለም። ዱባው ግን ጉድ ነው፤ በየቅጠሉ ሥር ተዘርግፏል።

"አየሽው አይደል?" አሉ ጋሼ ዘይኑ ተከትለዋት። "አምና ደሴ የምወስደው አንድ ፍሬ አላገኘሁም። አበባው ያብብና ይረግፋል። የእርሻው ዳር ሁሉ በአረም መድኃኒት ነዶ፣ ንብ ምን ልትበላ ትመጣለች? በዚህ ሰፈር የቀረችው ያንች ብቻ ናት። እሷም እንዳትሰደድ ብዬ በመንገዷ ላይ ተከልኩላት። ለዱባዬ ብዬ ነው፤ ላንች ብዬማ አይደለም።"

የመጨረሻዋ ቃል ባትኖር ኖሮ ጭራሽ ባላመነቻቸው። ላንች ብዬ ነው የሚል ሰው ያስፈራታል። ያም ሆኖ ፊቷን አልፈታችም።

"የነቀልኩትን ለፍየሌ እወስደዋለሁ" አለችና አቅፋው ካቡን ተሻገረች።

ግቢዋ ገብታ ፍየሏ ፊት ጣለችው። ፍየሏ አንገቷን ከመዘርጋቷ ንቦቹ ደረሱ። መጠውለግ በጀመረው አበባ ላይ እየተጋፉ ሰፈሩ። ከካቡ ማዶ ደግሞ ሌሎቹ የተነቀለው አፈር ላይ ይዞራሉ፤ ከፍ ይሉና ተመልሰው እዚያው ይወርዳሉ።

ከሪማ ቀና ብላ ሁለቱን ባዶ ቀፎዎች አየች። እስከ ዛሬ ስትረግመው የኖረችው ሌባ ምናልባት ጭራሽ አልነበረም። ርቧቸው ይሆናል የሄዱት። እነሱ ሲራቡ እሷ ከግድግዳው ወዲህ ተኝታ ነበር።

ፍየሏን በጉልበቷ ገፍታ ዶማዋን አነሳች። ሥሩ ላይ ያለው አፈር ገና አልደረቀም። ጉድጓዱን የቆፈረችው ግን ከካቡ ወዲህ፣ በራሷ በኩል ነው።

"ጠለቅ አድርጊው" አሉ ጋሼ ዘይኑ ከማዶ።

"አውቃለሁ!" አለች። አታውቅም። ግን ጠለቅ አደረገችው።

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አንድ ቢጫ ጀሪካን በካቡ ላይ አሻገሩላት። ከሪማ ተቀበለች። ክዳኑን ከፈተችና የአረም መድኃኒት እንዳይሆን ብላ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው።

ውሃ ነበር።