ከግድግዳው ሥር የተቀበሩት

ሕፃኗ በሰባ ዘጠነኛው ቀኗ ሞተች። ክርስትናዋ ለማግስቱ ተደግሶ ነበር። ሳትጠመቅ ስለሞተች ፍትሐት እንደማይደረግላት ሲናገሩ ቄሱ ራሳቸው አለቀሱ። ከአባቷ ከደምመላሽ ዓይን ግን አንድ እንባ ጠብ አላለም።

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። እናቷ ዮዲ ይህን ይቅር አላለችውም።

ሥራ ይሻላል ብላ ተመለሰች። ኦክላንድ ቤቷ ሆና፣ ሳን ሆዜ ላለ ድርጅት፣ ሳክሶኖች ከሺህ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር የሠሩትን የገጠር ቤተ ክርስቲያን ፕላን በኮምፒውተር ትስላለች። የማዕዘኑ ድንጋይ አንዱ ቆሞ አንዱ ተጋድሞ ነው የተገነባው። ቦታውን የሚቆፍሩት አጥኚዎች ከግድግዳው ሥር ትንንሽ መቃብሮች ሲያገኙ ግን መሳል አቃታት።

«ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ናቸው ይላሉ» አለችው እራት ላይ። «ጣሪያውን የነካ ዝናብ የተባረከ ነው ብለው፣ ጠፈጠፉ እንዲያጠምቃቸው እዚያ ቀበሯቸው።»

ደምመላሽ ከስልኩ ቀና አላለም። «ኦኬ። ነገ ኧርሊ ነው የምገባው።»

ድንጋይ! የልጃቸው መቃብር ጋ እንኳ አብሯት ሄዶ አያውቅም።

ኅዳር ላይ ኦቨርታይም አበዛ። ጢሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ይወጣል፤ በስብሶ ይመለሳል። መጋዘን ለመዋል ነጭ ሸሚዝ!

ሪችመንድ መጋዘኑ አብራው የምትሠራው ትምኒት ደወለች። «ዮዲዬ፣ አፕሴት እንዳትሆኚ። ደምመላሽ እኮ አሞኛል እያለ ሲክ ኮል አበዛ። ቤት ነው የሚውለው?»

«አዎ፣ አሞት ነው» ብላ ዋሸች። ስልኩን ዘግታ አነባች። የልጄ አፈር ሳይደርቅ ውሽማ!

ሐሙስ ጠዋት ሻንጣዋን መኪናዋ ላይ ጫነች። ሴትዮዋን በዓይኗ አይታ በዚያው ልትለየው ነው። በዶፉ ውስጥ ተከተለችው።

መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ቆመ። ጀሪካን ይዞ ወደ ጓሮ ዞረ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አቅፎት ወጣ። ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ ቀበቶ አሰረለት።

ጠበል! ለእኔ አንድ ቀን ያላመጣውን ለሷ!

ወደ ኮንኮርድ ታጠፈ። ዮዲ መሪውን በቡጢ መታች። ጭራሽ ልጄ በተኛችበት ከተማ?

ደምመላሽ በነጭ ሸሚዙ ጭቃው ላይ ተንበረከከና፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ጠፈጠፍ ያጠራቀመውን ዝናብ በልጁ መቃብር ላይ ሦስት ጊዜ አፈሰሰ።